ዓመታት የቆመ የቮልስ ሞተር ሳይሰበር እንዴት ይነሳል

መጀመሪያ አትግፉት። ባትሪ ከጎረቤት ተውሳችሁም ቁልፍ አታዙሩ።

ይሄን የምጽፈው እዚህ ጅማ ውስጥ በአይኔ ያየኋቸው አራት ቮልሶች በቆሙበት ዘመን ሳይሆን በተነሱበት ቀን ስለሞቱ ነው። አንዱ የአጎቴ ነበር። ፈረንጅ አራዳ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር አስራ አንድ አመት የቆመ 1300፣ የሰፈር ልጆች ሰብስበን ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን ገፋነው፣ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ ተንሸራተተና አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፣ ከዛ ዞረ፣ እኛም ደስ አለን። ሲፈታ ግን የ3ኛው ሲሊንደር ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ሶስት ቦታ ተሰብሮ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ቧጭሮታል። ግማሽ ሊትር ዘይትና ሁለት ሳምንት ትዕግስት ያድነው ነበር፣ ከሱ በኋላ ከሱ የባሱ ስላነሳሁ ነው እንዲህ የምለው።

የጅማ ችግር እርጥበቱ ነው። ሞተር ሲቆም ሁሌ ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ወይ ሁለቱ ላይ ቫልቭ ተከፍቶ ይቀራል፣ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል የገባው እርጥብ አየር ቀጥታ እዛ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፋሻውን ከሲሊንደሩ ጋ በዝገት ያጣብቀዋል። ስለዚህ "ሞተሩ ነክሷል" ሲባል ብዙ ጊዜ የነከሰው አንድ ሲሊንደር ነው፣ ሌሎቹ ሰላም ናቸው። ግፊቱ በሙሉ እዛች አንዷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከተቻለ ስራውን ህዳር ላይ ጀምሩት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። ክረምት ላይ የተከፈተ ካርቡራተርና የተፈታ ዲስትሪቢዩተር (እሳት አከፋፋዩ) አንድ ሌሊት ሲያድር በጠዋት ላብ ይዞ ነው የምታገኙት።

ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ይኑር

የ30፣ የ21፣ የ13 እና የ10 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቪቴ ጠፍጣፋና መስቀል፣ ፒንሳ፣ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት)፣ በሁለት ሽቦ የተያያዘ የመኪና አምፖል (ለመብራት መፈተሻ)፣ ባትሪ የእጅ መብራት። የህክምና ሲሪንጅ ትልቁን ከነ ግሉኮስ ቱቦው ከፋርማሲ ግዙ፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ። ናፍጣ ሁለት ሊትር፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሁለት ሊትር፣ አዲስ የሞተር ዘይት ስምንት ሊትር (አንዴ ሞልታችሁ ሁለት ጊዜ ትቀይራላችሁ)። አዲስ የቤንዚን ጎማ ሁለት ሜትር ከነማሰሪያው። የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የዘይት ወንፊት ጓርኒሲዮን። ሂርማታ ገበያ ካላገኛችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ፣ ግን ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ ምንም እንዳትገዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ከመኪናው ሁለት እርምጃ ርቀት አስቀምጡ፣ ለቤንዚን እሳት የዱቄት ማጥፊያ ካላችሁ ደሞ እሰየው። ውሃ አይሆንም። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፣ ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ሲደፋበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም፣ ሊፈነዳም ይችላል። ይሄን ለሚረዳችሁ ሰው ሁሉ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያነሳው የውሃ ጀሪካን ነውና።

## 1. ሞተሩ ማን እንደሆነ እወቁ

ሊብሬው ላይ 1200 ስለተጻፈ ሞተሩ 1200 ነው ማለት አይደለም። እነዚህ መኪኖች ሃምሳ ስልሳ አመት ሆኗቸዋል፣ በዚህ መሃል ሞተር ያልተቀየረለት ጥቂት ነው።

የሞተሩ ቁጥር፦ የኋላውን ኮፈን ክፈቱ፣ ዲናሞው የተቀመጠበትን እግር እዩ፣ ከእግሩ ስር የሞተሩ ሁለት ግማሽ አካሎች የሚገጥሙበት መስመር አካባቢ ቁጥሩ ተመትቷል። በዘይትና በአቧራ የተሸፈነ ነው፣ በጨርቅና በናፍጣ ጥረጉት፣ በብረት ብሩሽ አትፈግፍጉት ይጠፋል። ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል ነው የሚነግራችሁ፦

- ዲ፦ 1200፣ 34 ፈረስ ጉልበት፣ ከ1960 መጨረሻ ወዲህ
- ኤፍ፦ 1300፣ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ከ1965 መጨረሻ ወዲህ
- ኤች፦ 1500፣ 44 ፈረስ ጉልበት፣ ከ1966 መጨረሻ ወዲህ
- ኤቢ፦ 1300 ባለ ሁለት መግቢያ፣ ከ1970 መጨረሻ ወዲህ
- ኤዲ፦ 1600 ባለ ሁለት መግቢያ፣ ከ1970 መጨረሻ ወዲህ

(አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ሁለት መግቢያ የሚባለው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ላይ የሚገባው የአየር ቱቦ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ሲገባ ነው፣ አንድ ወፍራም ቱቦ ብቻ ከገባ ባለ አንድ ነው። ፊደሉ የማይነበብ ከሆነ ቢያንስ በዚህ ትለያላችሁ።

የሻንሲ ቁጥር፦ የኋላውን መቀመጫ አንሱ፣ መሃል ላይ ያለው ቱኔል ላይ ነው። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ ቁጥሩ በ11 ይጀምራል፣ ሶስተኛዋ ቁጥር አመቷ ናት፦ 115 ከሆነ 1965፣ 118 ከሆነ 1968፣ 110 ሆኖ ጠቅላላው አስር አሃዝ ከሆነ 1970። የሞዴል አመት ካለፈው አመት ነሐሴ አካባቢ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ሊብሬው ላይ አንድ አመት ቢዛነፍ አትደንግጡ።

መኪናውን ገና ልትገዙት ከሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች ሊብሬው ላይ ካሉት ጋ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሞተሩ ቁጥር በመፍጫ ሞላ ወይ በመዶሻ የተነካ ከመሰላችሁ እዛው አቁሙ፣ ገንዘብ አትክፈሉ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፋሻና ፒስተን ስትገዙ ነው የሚለየው። 1200 እና 1300 ሁለቱም የሲሊንደራቸው ስፋት 77 ሚሊ ነው፣ የሚለያዩት በምት ርዝመት ነው፣ 64 እና 69። 1500 ደሞ 83 ሚሊ፣ 1600 85.5 ሚሊ። አንድ የማውቀው ልጅ በሊብሬው ተማምኖ ከአዲስ አበባ የ1200 ፋሻ አስመጣ፣ ሞተሩ ሲከፈት 1500 ሆኖ ተገኘ። የሁለት ወር ደሞዙ ነበር።

## 2. ሳትነኩት እዩት

ስልካችሁን አውጡና ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ። ከዛ ባትሪው ካለ ፍቱት፣ ከኋላ መቀመጫው ስር በቀኝ በኩል ነው። ክዳን ከሌለው አዲስ ባትሪ ስታስገቡ የግድ ክዳን አብጁለት፣ ሰው ሲቀመጥበት የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና መቀመጫው ይቃጠላል፣ የቮልስ የታወቀ በሽታ ነው።

አይጥ። ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ የሚያስከፍለው ደሞ እሱ ነው። ቮልስ ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው ፋኑ በሚነፋው አየር ነው፣ አየሩ ደሞ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ አልፎ የሲሊንደሮቹን ክንፎች ይነካል። ያ ቆርቆሮ ቤት ለአይጥ ምቹ መኖሪያ ነው። ጅማ ላይ ደሞ ጎተራ ጎን የቆመ መኪና ከሆነ ውስጡ የቡና ገለፈት፣ የጆንያ ክር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተጭኖበት ታገኛላችሁ። በፋኑ አፍ በኩል (ከኋላ መቀመጫው ጋ የሚተያየው ጎን ነው) መብራትና ስልክ አስገብታችሁ ቅረጹ። አንድ ክር እንኳን ከታየ የፋኑን ቤት አውጡት፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ካርቡራተርና ዲናሞ አብረው ይነሳሉ፣ ካርቡራተሩን ለማንኛውም ስለምታወጡት ኪሳራ የለውም። ጎጆ ይዞ የተነሳ ሞተር መጀመሪያ ጥሩ ይሰራል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው የሚያልቀው። የማርሚታውን ጫፎችም በሽቦ ፈትሹ።

የፑሌጃው ጨዋታ። ትልቁን የታች ፑሌጃ (የፋኑ ቀበቶ የሚዞርበትን ክብ) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡና መልሳችሁ ግፉ። መንቀሳቀሱ በእጅ የማይታወቅ መሆን አለበት፣ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ በልቷል፣ ይሄ ሞተር የሚያስፈልገው ማስነሳት ሳይሆን ሙሉ ጥገና ነው፣ ብራችሁን ለዛ አስቀምጡ።

## 3. ዘይቱን አውጡ፣ አንብቡት

ከስር መሃል ላይ ክብ ሳህን አለ፣ በስድስት ትናንሽ ዳዶ የታሰረች። መሃሏ ላይ መፍሰሻ ብሎን ካለ መጀመሪያ እሱን ብቻ ፍቱና የመጀመሪያውን ሲኒ ለብቻ ተቀበሉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ትንሽ ጠብታ ያለ ነው፣ ሲኒ ሙሉ ውሃ ከወጣ ግን ለበለጠ ዝገት ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ሳህኗን ፍቱና ወንፊቷን አውጡ። ማግኔት አስጠጉ፣ የሚጣበቅ ፍርፋሪ ካለ ብረት ተበልቷል። የማይጣበቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ደሞ የኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ነው። ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ ጤና ነው፣ በናፍጣ አጥባችሁ መልሱ።

ስትመልሱ ስድስቱን ዳዶ በ10 ቁልፍ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ፣ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ። ጠብቆ ካልታሰረ ያፈሳል ብላችሁ አትመኑ፣ ብሎኖቹ የተተከሉት በለስላሳ ብረት ላይ ነው፣ አንዷ ከተነቀለች ሌላ ስራ ነው። ሚስጥሩ ያለው የመዳብ ሪንጎቹና ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆናቸው ላይ ነው።

ለጊዜው 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ሙሉ። ኤስኤኢ 30 ካገኛችሁ እሱ፣ ካላገኛችሁ 15 ደብሊው 40 ይሆናል። ከዚህ በላይ አትጨምሩ፣ ሞተሩ የሚይዘው ይሄንን ብቻ ነው።

## 4. ሲሊንደሮቹን አርጥቡ

አራቱንም ካንዴላ ፍቱ። አልፈታ ያለ ካለ አትታገሉት፣ ዙሪያውን የናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ድብልቅ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ በነጋታው ትንሽ ወደማጥበቅ ከዛ ወደመፍታት እያላችሁ አውጡት። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ከካንዴላው ጋ ይወጣል።

እዚህ ጋ ነው ከሌላ መኪና መመሪያ የሚገለብጥ ሰው የሚሳሳተው። በሌላ መኪና ሲሊንደር ቆሞ ነው ያለው፣ ዘይት ስትጨምሩበት ፒስተኑ ላይ ተኝቶ ዙሪያውን ፋሻ ያርሳል። የቮልስ ሲሊንደር ግን ጎኑን ተኝቷል። ዘይት ከጨመራችሁ ከታች በኩል ብቻ ተኝቶ ይቀራል፣ የላይኛው ግማሽ ፋሻ እንደደረቀ ነው። ሳምንት ጠብቃችሁ ስታዞሩት እንቢ ሲል "መድሃኒቱ አይሰራም" ትላላችሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በኩል ቀላቅሉ። ሲሪንጁ ጫፍ ላይ የግሉኮስ ቱቦውን ሰክታችሁ የቱቦውን አፍ በሽቦ ወደ ላይ አጉብጡት፣ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡና ወደ ላይኛው ግድግዳ እያዞራችሁ ርጩ። በየሲሊንደሩ 60 ሚሊ ሊትር ያህል። ከዛ ካንዴላውን በእጅ ብቻ መልሱት። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ ለአምስት ቀን ድገሙት። ድብልቁ በፋሻው አልፎ ወደ ታች ዘይቱ ጋ ይወርዳል፣ ስለዚህ የዘይት መለኪያውን በየቀኑ እዩ፣ ካለፈ አፍስሱ። አዲሱ ዘይት ተበላሸ ብላችሁ አትዘኑ፣ ሳይነሳ በፊት ይቀየራል።

## 5. በእጅ አዙሩ

1. ማርሹን ገለልተኛ ላይ አድርጉ፣ ሁለቴ አረጋግጡ።
2. ቺንጊያውን (የፋኑን ቀበቶ) አውልቁ። የዲናሞውን ፑሌጃ በ21 ቁልፍ ስትፈቱ መሃሉ ላይ ቀጫጭን ሪንጎች አሉ፣ አንድም እንዳይጠፋ፣ ቺንጊያው የሚወጠረውና የሚላላው በነሱ ብዛት ነው።
3. ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ።
4. 30 ቁልፍ በታችኛው ፑሌጃ ብሎን ላይ አግቡና ከመኪናው ኋላ ቆማችሁ ወደ ሰዓት አቅጣጫ በቀስታ ጫኑ።

ከዞረ አትቸኩሉ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በጣም በዝግታ አዙሩ፣ የሆነ ቦታ ጠጠር ካለ ወደኋላ መልሱና ድብልቅ ጨምሩ።

እንቢ ካለ፦ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክታችሁ አታስረዝሙ። ወደፊት ጫን፣ ወደኋላ ጫን፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ በክንድ ኃይል ብቻ፣ አምስት ደቂቃ። በነጋታው ድገሙት። የመጀመሪያዋ የፀጉር ያህል እንቅስቃሴ ስትመጣ በእጃችሁ ይታወቃችኋል፣ ያኔ ማቆም ነው፣ ድብልቅ ጨምሮ ማሳደር፣ በቃ። እኔ ያነሳሁት የከረረ ሞተር አስራ ስድስት ቀን ፈጅቷል። በሶስተኛው ሳምንት ምንም ካልተነቃነቀ ግን ሞተሩን ማውረድና ቴስታታውን መክፈት ነው የሚሻለው፣ ቮልስ ላይ ሞተር ማውረድ ከባድ አይደለም፣ በአራት ብሎን ነው የተያዘው።

ሌላ ደሞ አለ፦ ሞተሩ ነፃ ሆኖ ፍሪሲዮኑ ዝጎ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየዞረ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረግጣችሁ ማርሽ ስታስገቡ ከተንጫጫ እሱ ነው፣ ለኋላ አቆዩት።

## 6. ቫልቮቹ

የኋላውን አንሱ፣ ክሪክ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ስር አትግቡ፣ ወፍራም ግንድ ወይ የብረት መደገፊያ አስገቡ። ሁለቱን የቫልቭ ክዳኖች የሚይዘውን ሽቦ በካቻቪቴ ወደ ታች ጎትቱት፣ ይወልቃል።

አንድ ሰው ፑሌጃውን ቀስ ብሎ ያዙር፣ እናንተ እዩ። ስምንቱም ቫልቭ መግባትና መመለስ አለበት። ገብቶ የቀረ ካለ ወዲያው ማዞር አቁሙ፣ ፒስተኑ ይመታዋል። የቫልቩ ዘንግ ላይ ድብልቁን ረጭታችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ እየነካካችሁ እስኪመለስ ጠብቁ።

ከዛ ክፍተቱን አስተካክሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ 0.15 ሚሊ፣ ለአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600። የፋኑ ቤት ላይ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካለ እሱን ተከተሉ። የ1ኛው ሲሊንደር ቦታ ከመኪናው ቀኝ በኩል ወደ መቀመጫው የሚጠጋው ነው፣ ከጎኑ ወደ ኋላ 2ኛ፣ በግራ ወደ መቀመጫው 3ኛ፣ ወደ ኋላ 4ኛ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ሮተሩ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ሲያይና ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት ከሞተሩ መገጣጠሚያ መስመር ጋ ሲገጥም 1ኛው ነው፣ ሁለቱን ቫልቮቹን አስተካክሉ። ፑሌጃውን ወደኋላ ግማሽ ዙር ስታዞሩ 2ኛው፣ ሌላ ግማሽ ዙር 3ኛው፣ ሌላ ግማሽ 4ኛው። ወደኋላ መሆኑን አትርሱ፣ ወደፊት ካዞራችሁ ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው የሚሆነው።

## 7. ቤንዚን

በሰርባቶዮው ውስጥ ያለውን አሮጌ ቤንዚን ለመጠቀም አታስቡ። ለመጀመሪያው ቀን ሰርባቶዮውን ሙሉ በሙሉ እርሱት፣ ሁለት ሊትር ንጹህ ቤንዚን በጀሪካን አድርጋችሁ ከሞተሩ ራቅ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጡና አዲሱን ጎማ ወደ ቤንዚን ፖምፓው ቀጥሉት።

አሮጌ የቤንዚን ጎማ አንድም ሳይቀር ይቀየር። ደህና የሚመስለውም ጭምር፣ ጎማው በክር የተሸፈነ ስለሆነ መሰንጠቁ ከውጭ አይታይም። ቮልሶች የሚቃጠሉት ከዚህ ነው።

ካርቡራተሩን አውርዱ፣ የላይኛውን ክዳን ክፈቱ፣ ውስጡ ቡናማ ሙጫ ወይ ነጭ ዱቄት ታገኛላችሁ። በንጹህ ቤንዚንና በብሩሽ እጠቡ፣ ቀዳዳዎቹን በአየር ንፉ፣ ሽቦ አታስገቡባቸው ይሰፋሉ። ተንሳፋፊውን ነቅንቁት፣ ውስጡ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ቤንዚን ገብቶበታል፣ ይቀየር። ሁለት ነገር ሳታዩ አትዝጉ፦ አንደኛ ተንሳፋፊው ሲነሳ መርፌዋ ቤንዚኑን መዝጋቷን፣ አፋችሁን ጎማው ላይ አድርጋችሁ ስትነፉ መታፈን አለበት። ሁለተኛ ክዳኑ ላይ ያለችው የናስ የቤንዚን መግቢያ ቱቦ በእጅ ስትሳብ አለመንቀሳቀሷን። እሷ ልል ሆና ሞተሩ እየሰራ ብትወጣ ቤንዚኑ በቀጥታ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ነው የሚረጨው።

የአየር ማጣሪያው በአብዛኞቹ ላይ ዘይት የሚጠጣ አይነት ነው፣ አጥባችሁ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉበት።

## 8. እሳቱ

ካንዴላው ላይ እሳት የሌለው የቆመ ቮልስ ችግሩ ብዙ ጊዜ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋው መገናኛ) ነው። አፏ በዝገት ይሸፈናል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሰው ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ይገዛል። የደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ በመሃሏ አሳልፉ፣ ከዛ ንጹህ ወረቀት አሳልፉ። ሙሉ በሙሉ ስትከፈት 0.4 ሚሊ። ካንዴላ 0.7 ሚሊ።

ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት መኪናው 6 ቮልት ይሁን 12 ቮልት ቦቢናው ላይ አንብቡ፣ ከ1967 በፊት የነበሩት ብዙዎቹ 6 ናቸው።

ሰዓቱን (እሳቱ የሚጫርበትን ጊዜ) ለማስተካከል አምፖሉን አንድ ጫፍ ቦቢናው 1 የሚል ቦታ ላይ አንዱን ጫፍ ብረት ላይ አድርጉ፣ ፑሌጃውን ወደ ምልክቱ አምጡ (ለ60ዎቹ ሞተሮች ፒስተኑ ከሚደርስበት የላይኛው ነጥብ በፊት ከ7.5 እስከ 10 ዲግሪ ነው)፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩ እስኪጠፋ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ መልሱ፣ አምፖሉ ልክ ሲበራ እሰሩት። ሽቦዎቹ ክዳኑ ላይ በሰዓት አቅጣጫ 1፣ 4፣ 3፣ 2። ቁልፉን ከፍታችሁ አትርሱት፣ ሞተሩ ሳይዞር ፑንቲናዋ ተዘግታ ከቆየች ቦቢናው ይግላል።

## 9. ሳይነሳ ዘይት ይውጣ

አሮጌውን ድብልቅ የበዛበትን ዘይት አፍስሱ፣ አዲስ 2.5 ሊትር ሙሉ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ ይሁኑ፣ በቀዳዳው ፊት ማንም አይቁም፣ የቀረ ድብልቅ ይረጫል። ቦቢናው ላይ 15 የሚለውን ሽቦ ንቀሉ። ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) አስር ሰከንድ አዙሩ፣ ሰላሳ ሰከንድ አሳርፉ፣ ድገሙ። የዘይት መብራቱ መጥፋት አለበት።

ካልጠፋ፦ ከአምስት ሙከራ በላይ አትቀጥሉ። የዘይት ፖምፓው ደርቆ አየር ብቻ እየሳበ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያለውን የዘይት መብራት መቆጣጠሪያ ፍቱትና በዛ ቀዳዳ በሲሪንጅ ዘይት ግፉ፣ ፑሌጃውን በእጅ ወደኋላ እያዞራችሁ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይይዛል። ካልያዘ የፖምፓው ክዳን ተከፍቶ ማርሾቹ መሃል ግራሶ ይሞላል።

መብራቱ ሳይጠፋ ሞተሩን ያስነሳ ሰው እስካሁን ያደረገው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

እዚሁ ጋ ኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩን የአየር ግፊት) ለኩ፣ የጋዝ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባህር ወለል ነው፣ ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 80 በመቶ ያህሉን ጠብቁ፣ ማለትም ከ100 እስከ 130 ፒኤስአይ የተባለው እዚህ ከ80 እስከ 105 ይሆናል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ አሁኑኑ አትዘኑ፣ ፋሻው ገና ስላልተላቀቀ ሊሆን ይችላል፣ ከሰራ በኋላ ድጋሚ ለኩት።

## 10. ማስነሳት

መኪናው ውጭ ይሁን፣ ጋራዥ ውስጥ ወይ ቆርቆሮ ስር አይሆንም፣ ጭሱ ይገድላል። ሁለት ሰው፣ አንዱ መሪ ላይ አንዱ ከአሸዋው ጋ። ቺንጊያው መታሰሩን እዩ፣ በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ያህል ይግባ። ማርሽ ገለልተኛ። የአየር ማጣሪያው ይገጠም፣ ካርቡራተሩ መልሶ ሲተፋ እሳቱን የሚያፍነው እሱ ነው። በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት የሚባለውን ነገር ተዉት፣ አጎቴ ሰፈር ፊቱ የተቃጠለ መካኒክ አለ።

ካንዴላና ሽቦውን መልሱ፣ ጋዝ አንዴ ረግጣችሁ ልቀቁ፣ አስነሱ።

- እየዞረ ዝም ካለ፦ ቤንዚን ካርቡራተሩ ጋ ደርሷል? እሳት አለ? ሌላ አትፈልጉ።
- ተኩሶ ከጠፋ፦ የሽቦ ተራ ተዛንፏል ወይ ሰዓቱ።
- ሰማያዊ ጭስ፦ በየሲሊንደሩ ያፈሰሳችሁት ነው፣ አስር ደቂቃ ስጡት።
- ቀጭን ቲክ ቲክ፦ የቫልቭ ክፍተት ነው፣ ነገ በቀዝቃዛው ይስተካከላል።
- ከታች የሚመጣ ወፍራም ዱም ዱም፦ ወዲያው አጥፉ።
- የዘይት መብራት ከአምስት ሰከንድ በላይ ከበራ፦ ወዲያው አጥፉ።
- የዲናሞ ቀይ መብራት፦ ቺንጊያውን እዩ። ከተቆረጠ ወይ ከተንሸራተተ ፋኑም ቆሟል ማለት ነው፣ አጥፉ። ፋኑ እየዞረ መብራቱ ከበራ የዲናሞው ካርቦን ነው፣ አይቸኩልም።

የመጀመሪያውን ሶስት ደቂቃ ብቻ አስኪዱና አጥፉት። የቤንዚን ሽታ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ሁሉንም በመብራት ፈትሹ። ሁለተኛው አስር ደቂቃ። ከሁለተኛው በኋላ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽቱት፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነና መጠኑ ከፍ ካለ የቤንዚን ፖምፓው ዲያፍራም ተቀዷል፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው፣ ፖምፓው ሳይቀየር ድጋሚ አታስነሱ።

ሃያ ደቂቃ ከሰራ በኋላ በሙቁ ዘይቱን ቀይሩ። ወንፊቷንም ድጋሚ እዩ፣ የዝገት ብናኝ ታገኛላችሁ።

## 11. መንገድ ላይ

ፍሬኑ ሳይታደስ ግቢውን ለቆ አይውጣ፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹም እንደ ሞተሩ ቆመው ዝገዋል። ጎማውም በእድሜው ይታያል፣ ጥርስ ስላለው ብቻ አይታመንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሜዳ ሜዳውን። ከዛ ወደ ጅሬን ዳገት፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ወጥታችሁ እዛ አጥፉና ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ፦ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቷል፣ እንደ ኖራ ከነጣ ደሞ አየር በዝቶ እየጋለ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወርዳችሁ የካርቡራተሩን መቀመጫ ጓርኒሲዮን ፈትሹ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ የግቤ ቁልቁለትና ዳገት ከነሙቀቱ አለ፣ 500 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ሳይሄድ፣ ዘይቱ ለሶስተኛ ጊዜ ሳይቀየርና ቫልቩ ድጋሚ ሳይለካ ወደዛ አትውጡ።